ሦስት ፕሮፎርማ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ተራራ ይፈጫል ክሬሸሩ ሲነቃ።
ሳር ላይ ያደረውን የሌሊቱን ጤዛ
ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አቧራው ገዛ።

እኔ ግዢ ክፍል ነኝ፤ ኮንቴይነር ነው ቢሮዬ፤
ጠርጌው ሳልጨርስ አቧራ ይለብሳል ጠረጴዛዬ።
ሕጉ አጭር ነው፤ ግድግዳው ላይ አለ፦
«ሦስት ፕሮፎርማ፤ ከሦስቱ ዝቅ ያለ።»

ዝቅ ባለው ዋጋ መንጋጋ ገዛን ለድንጋይ ወፍጮው፤
በአሥራ አንደኛው ቀን ድንጋዩ መልሶ መንጋጋውን ፈጨው።
ዝቅ ባለው ዋጋ ጭንብል ገዛን፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣
ሻካራውን አስቀርቶ የላመውን አስዋጭ።
በዓመቱ ሪፖርት ግን «ቆጣቢ» ተባልን፤
ኬክ ቆረስን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሰርተፍኬት ተቀበልን።
ዘጠኝ ጊዜ የተገዛ መንጋጋ ዘጠኝ ጊዜ ርካሽ ተብሎ ተደመረ፤
ስንቴ እንደሳልን የሚሞላበት ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረ።

መካኒካችን ጨመዳ ነው፤ ነገር አያበዛ።
ከተጣለ ቧንቧ፣ ከአሮጌ ቦቴ ጋን፣ በምስማር በስቶ፣
ጉም ሠራ አንድ ቅዳሜ፣ ወፍጮው አፍ ላይ ዘርግቶ።
ለአንድ ሰዓት ተኩል አቧራው እንደ ሕፃን ተኛ፤
ቁልቁል ኮዬ ያሉት ሴቶች፣ ልብስ ማስጣቱን ትተው፣ ቀና አሉ ወደኛ።
ገመድ ላይ አንድ ቀይ ሻርፕ
ቀይ እንደሆነ ዋለ።

ከዚያ በባልዲ የሚሞላው ልጅ ደከመ፤ ውሃው አለቀ።
«ትንሽ ፓምፕ ብቻ፤ የቀረውን ለኔ» ሲል ጨመዳ ጠየቀ።
አርባ ስምንት ሺህ ብር፣ ከነሥራው፣ ከነዋስትናው።
«ሁለት ተወዳዳሪ ይምጣ» አለ ኮሚቴው። ይኸው ነው ጣጣው፦
ማንም ያልሠራውን ማን ዋጋ ይሰጠዋል?
አንድ የሆነ ነገር በምን ሦስት ይሆናል?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤
ወረቀቱ አልለቅም ካለ እኔ ሞኟ ልልቀቅ አልኩ፤
በአንድ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ሁለት ድርጅት ወለድኩ፦
«ደመና አስመጪ» እና «ሰባት ምንጭ ንግድ ሥራ»።
ቃሊቲ መናኸሪያ ጥግ ከሚቀርጽ ልጅ ሁለት ማህተም አስቀረጽኩ።
ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ለጉም ብዬ ነው ያደረግኩ።
ለደመና ስድሳ ሺህ፣ ለሰባት ምንጭ አምሳ ሁለት፣ ከነቫቱ፤
ጨመዳ እንዲያሸንፍ አስልቼ፣ እንዲያምር ፉክክሩ በውጤቱ።

ኮሚቴው ተቀመጠ። አቶ ይርዳው ካልኩሌተር አወጡ፤
«ጨመዳ ቫት የለውም፤ ከሌሎቹም ይነሳ» ብለው ቁልፉን ተጫኑት፣ ተጫኑት፤
አርባ አምስት ሺህ ከምናምን።
ከአርባ ስምንት ያነሰ።
አሸናፊው ታወቀ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ ሻይም ደረሰ።
የሌለው ድርጅት ያለውን ሰው በሕግ አሸነፈው።
ጨመዳ ምንም አላለም፤ ቧንቧውን በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ አቀፈው።

ይኸው ሰባት ወሩ። ሰኞ ሰኞ አቶ ይርዳው
«ሰባት ምንጭ አስረከበ ወይ?» ይሉኛል፤
«መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ጉሮሮዬን ይበላኛል።
ልቤ ተናገሪ ሲል ደሞዜ አፌን ይዞ፣
ፋይሉን ስገልጠው ብናኝ ቡን ይላል ከገጾቹ ተመዞ፤
ፓምፑን እንገዛለን ስንል
እኛን አቧራ ገዛን፣ ያለ ጨረታ፣ ያለ ደረሰኝ።

ትናንት ጨመዳን አየሁት፣ በምሳ ሰዓት፣ ለብቻው፣
ከበሩ አጠገብ ያለችውን ጽድ በባልዲ ውሃ ሲያጥባት፤
ያን ዝቅ ባለው ዋጋ የገዛሁትን ጭንብል ለብሶ።
አረንጓዴ ሆነች፣ ለአፍታ።
ከዚያ ወፍጮው ተነሳ መልሶ።